ዕድሩ ለሞት ይከፍላል፤ ለስብራትስ?

ባለፈው ወር በአንድ እሑድ ጧት ወደ ኮልፌ አጣና ተራ ሄደን ነበር። የሄድነው አጣና ለመግዛት አይደለም፤ ቤት የምንሠራበት ቦታም ሆነ ገንዘብ የለንም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ደመወዝ መቀበል ከጀመርን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ የደመወዙንም ግማሽ የአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ ይወስደዋል። ምክንያታችን ሌላ ነው። በጐረቤታችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። በጕልማሳነታቸው ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ ዛሬ ጕልበታቸው ስለ ደከመ ሥራቸው የዕድር ዳኝነት ብቻ ነው። እኒህ ሰው በመንገድ አግኝተውን፥ «እናንተ የተማራችሁት ልጆች ስለ ሠራተኛ መብት በጋዜጣ ትጽፋላችሁ አሉ፤ እስቲ አንድ ቀን ኑና የኛን ስብሰባ እዩ» አሉን። ያፈርን መሰለን፤ እንመጣለን አልናቸው።

ኮልፌ ቀራንዮ ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ያለው ሰፊ ክፍለ ከተማ ነው። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ከቡራዩ ጋር ይጐራበታል። አጣና ተራው ግን ካርታ አያሻውም፤ ገና ከታክሲ ሳይወርዱ የእርጥብ ባሕር ዛፍ መዓዛ ይቀበልዎታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ቤት አልባ ከመሆን አድኗታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቋሚው፥ ማገሩ፥ ወራጁ በየወገኑ ተደርድሮ ይታያል። ትከሻቸው ላይ ጆንያ ያጠፉ ሰዎች ከአይሱዙ ላይ እያወረዱ ይከምራሉ፤ ገዢ ሲመጣም ከክምሩ ላይ እያነሡ ይጭናሉ። ሲነጋ ሥራ ይኖር እንደ ሆነ አያውቁም፤ ሲመሽ ግን ወገባቸው ያውቀዋል።

የዕድሩ ቤት በቆርቆሮ የተሠራ አንድ አዳራሽ ነው። በአንዱ ማዕዘን የተጠቀለለ ድንኳን፥ በሌላው የተደራረበ አግዳሚ ወንበር፥ በግድግዳው ሥር ትልልቅ ብረት ድስትና ሰሐን አለ። ዳኛው በመካከል፥ ጸሐፊው በቀኝ፥ ገንዘብ ያዡ በግራ ተቀምጠዋል። ስም ተጠራ፤ የቀረ ተቀጣ፤ የዘገየ ተገሠጸ። በእውነቱ በዩኒቨርሲቲ ሳለን ካየናቸው ብዙ ስብሰባዎች ይልቅ ሥርዓት የነበረው ነው። ሂሳቡ ሲነበብ የመጨረሻዋ ሳንቲም እንኳ ባለቤት አላት።

ከሂሳቡ በኋላ አንድ ሰው ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ። ዕድሜው ከኛ ብዙም አይበልጥም። ከሦስት ወር በፊት ወራጅ ሲያወርዱ ገመዱ ተበጥሶ ጭነቱ ተናደና እግሩን ሰበረው። ባለ አጣናው የጀሶውን ከፍለው፥ ሁለት ሺህ ብር ጨምረው፥ «እግዜር ይማርህ» ብለው አሰናበቱት። እግሩ ተጠግኗል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ሸክም እንዳይሞክር ሐኪም ነግሮታል። ሸክም ካልሞከረ ደግሞ ሌላ ሙያ የለውም። ሁለት ልጆች አሉት። ስለዚህ ባለ አጣናውን በሕግ ሊጠይቅ አስቧል፤ ለጉዳዩ መነሻ የሚሆን ጥቂት ብር ከዕድሩ ሣጥን እንዲሰጠው ፈለገ።

ጸሐፊው፥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት፥ የመተዳደሪያውን ደንብ አወጣና አነበበ። ለአባል ሞት ይህን ያህል ይከፈላል፤ ለሚስት ይህን ያህል፤ ለአባትና ለእናት፥ ለልጅ፥ ለወንድምና ለእኅት ይህን ያህል። አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለና፥ «ለስብራት የሚል የለም» አለ።

በአዳራሹ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጋሼ፥ «ሣጥኑ የሬሳ ነው፤ የሙግት አይደለም። ዛሬ ለሙግት ከከፈትነው ነገ ለምን እንከፍተዋለን?» አሉ። ሌላው ብድግ ብሎ፥ «እስኪሞት እንጠብቀው ነው የምትሉት?» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሁሉን ልብ ተናገረ፤ «ባለ አጣናው ተቀይመው ነገ ከሌላ ሰፈር ተሸካሚ ቢያመጡብንስ?» ሰውዬው ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማና፥ «እኔ ለልመና ብሆን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቀመጥ ነበር። የምፈልገው የሚገባኝን መጠየቅ ነው» አለ።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህ አነጋገር ወደ ቤታችን ስንመለስም ከጆሯችን አልወጣም። የኢትዮጵያ ሕዝብ መስጠት አያውቅም የሚል ሰው ካለ ሕዝቡን አያውቀውም። በዝክሩና በሰንበቴው፥ በዘካውና በምጽዋቱ ስንቱ ይጠግባል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጉራጌ አገር ወጥተው በአዲስ አበባ ይነግዱ የነበሩ ሰዎች፥ በዚህም በኮልፌና በመርካቶ የሚኖሩት ጭምር፥ ገንዘብ አዋጥተው፥ መንግሥትም ረድቷቸው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲሰጡ በተጠየቁ ጊዜም ብዙዎች ሰጥተዋል። ለመንገድ፥ ለጤና ጣቢያ፥ ለትምህርት ቤት፥ ለተራበ፥ ለሞተ እንሰጣለን። «ይገባኛል» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ኪሳችን ይጠብቃል። የሚለምን ሰው ይመርቀናል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ያጣላናል። ልዩነቱ ይኸው ይመስለናል።

ታዲያ እኛ ለዚህ ጉዳይ ካልሰጠን የሰጠው ማነው? የሠራተኛውን ማኅበር ታሪክ ጥቂት ብናነሣ መልሱ ይገኛል።

በአገራችን ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው የሠራተኛ ማኅበር በ1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በድሬዳዋ የተቋቋመው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ነው። በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጹ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሕግ መሠረት የሥራ ማኅበር ለማቋቋም መብት እንዳለው ተናገረ። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ሕጉ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴራሲዮን ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢትዮጵያ ማኅበር ስለ ማቋቋምና በኅብረት ስለ መደራደር የሚናገሩትን ሁለቱን ታላላቅ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ተቀበለች። ነገር ግን ሕጉ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ በአንድ ቦታ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር፤ የቤት ሠራተኛውን ጨርሶ አያውቀውም። የአጣና ተራ ተሸካሚም የእገሌ ሠራተኛ ነኝ የሚልበት ቀጣሪ ስለሌለው ከበሩ ውጭ ቀረ።

ኮንፌዴራሲዮኑ ድኻ ነበር። አባሎቹ ድኾች ስለ ነበሩ መዋጮውም እንደ እነሱ ቀጭን ነው። ስለዚህ የዓለም ነፃ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴራሲዮንና የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት በአፍሪካ ያቋቋሙት ማዕከል እጃቸውን ዘረጉ፤ መሪዎችን አሠለጠኑ፤ ለጽሕፈት ቤትም ረዱ። ርዳታው ጠቅሟል፤ በዚህ አንከራከርም። የሆነው ሆኖ አብሮት አንድ ሐሜት መጣ። ተማሪው፥ ከማኅበሩም ውስጥ ጥቂቱ፥ «መሪዎቹ የአሜሪካኖች ናቸው» ማለት ጀመረ። የአሜሪካው ማዕከል ገንዘብ በአብዛኛው ከአሜሪካ መንግሥት ካዝና ይወጣ ስለ ነበር ሐሜቱ ከምንም የተነሣ አልነበረም። በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኮንፌዴራሲዮኑ፥ ፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞን ሳሉ፥ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ግን የወጣው የአሜሪካ ገንዘብ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ነው። ለአራት ቀን ሥራ ቆመ፤ መንግሥትም ለድርድር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው ወታደራዊ መንግሥት በ1968 ዓ.ም. ኮንፌዴራሲዮኑን አፍርሶ በቦታው የራሱን አቆመ። ዛሬ ያለው ኮንፌዴሬሽን በ1986 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ እሱም ከአንድ ዓመት በኋላ ምዝገባው ተሰርዞ እንደገና እስኪቆም ድረስ ጥቂት ዘመን አልፎበታል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከዱሮው ይለያል። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። የሥራ ውል በጽሑፍ መሆን ግዴታው አይደለም፤ በቃልም ይጸናል። ስለዚህ የአጣና ተራው ሰው ለአንድ ቀንም ቢሆን ለባለ አጣናው ሠርቻለሁ ብሎ ማስረዳት ከቻለ የሚሰማው አለ። ይህም ቢቀር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሰውን የጐዳ ኪሣራውን ይክፈል ብሎ ደንግጓል። ሕግ የለም አይባልም። የጐደለው ሕጉንና ሰውዬውን የሚያገናኝ ድልድይ ነው፤ ጠበቃ፥ የሐኪም ማስረጃ፥ የትራንስፖርት ገንዘብ፥ ከሁሉም በላይ ምስክር።

ድልድዩን ለመሥራት የተነሡ ድርጅቶች አሉ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፥ ከእሱም በኋላ የተቋቋመው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይጠቀሳሉ። ማኅበሩ ጠበቃ መክፈል ለማይችሉ እጅግ ብዙ ሴቶች በነፃ ተከራክሯል። ነገር ግን የነዚህም ገንዘብ በአብዛኛው ከውጭ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621 ደግሞ ከገቢው ከመቶ አሥር እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፥ በሴቶች እኩልነት፥ በግጭት መፍታትና በዕርቅ፥ በፍትሕ ሥራ እንዳይገባ ከለከለ። ጉድጓድ ውኃ መቆፈር ይቻላል፤ ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ማስታረቅ ግን በዚያ ገንዘብ አይቻልም ማለት ነው። የጉባኤው የባንክ ሂሳብ ታገደ፤ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹም 9ኙን ዘጋ። የሴቶቹም ማኅበር ሠራተኞቹን እጅግ ቀነሰ።

አዋጁ የፈራው ነገር ጨርሶ ፈጠራ ነው አንልም። ከፋዩ ማዘዝ ይወዳል፤ ይህን ማንም ተከራይ ያውቃል። ነገር ግን ክልከላው ሲመጣ የአገሬው ሰው የጐደለውን ዘጠና እጅ አልሞላውም። የሚያስደነግጠው ይህ ነው። መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፥ በየሰፈሩ ዕድር ያለው ሕዝብ፥ ለመብት ተከራካሪዎቹ ሁለት ሦስት ቢሮ ክፍት የሚያቆይ ገንዘብ አላዋጣም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1113 ያንን ክልከላ አነሣና የውጭው ገንዘብ እንደገና ገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ የውጭ ርዳታውን ሲያቆሙ ደግሞ በአዲስ አበባ ብዙ ቢሮዎች በሳምንት ውስጥ ጸጥ አሉ። አንድ ጊዜ የራሳችን አዋጅ፥ አንድ ጊዜ የሩቅ አገር ሰው ፊርማ ያቆመው ሥራ የማን ሥራ እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ይህን ስንል የውጭ ሰው እጅ ሁሉ እርኩስ ነው ማለታችን እንዳይመስል። እዚሁ ኮልፌ የተደረገ ነገር አለ። በሐምሌ 1954 ዓ.ም. አንድ ረዥም እንግዳ በኮልፌ የፖሊስ ሠፈር ጥቂት ሳምንት ተቀመጠ። ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ተሰጥቶት ነበር፤ በኮሎኔል ታደሠ ብሩ የበላይነትም የጦር ትምህርት ተማረ። ትምህርቱን ሳይጨርስ ወገኖቹ ጠሩትና ተመለሰ፤ ወዲያውም በአገሩ ተያዘ። ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት ኢትዮጵያ ያን ጊዜ በሰው አገር ጉዳይ የምትገባ የውጭ እጅ ነበረች። በኋላ ማንዴላና ጓዶቹ በሪቮንያ ክስ በቀረቡ ጊዜ የጠበቆቹ ወጪ የተሸፈነው በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን በነበሩት በጆን ኮሊንስ የሚመራ የመከላከያና የርዳታ ፈንድ ባሰባሰበው ገንዘብ ነው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይህን ፈንድ ከለከለ። ፈንዱ ግን አልቆመም። በእንግሊዝ አገር ያሉ ተራ ሰዎች፥ የቤት እመቤቶችና ጡረተኞች ሳይቀሩ፥ እያንዳንዳቸው ለአንድ የእስረኛ ቤተሰብ እንደ ወዳጅ ደብዳቤ እየጻፉ ገንዘቡን በውስጡ ይልኩ ነበር። ተቀባዩ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም፤ ሰጪውም ከብቸኛይቱ ቤተሰብ በቀር አያውቅም።

ይህን ያነሣነው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ያ ገንዘብ ለስብሰባ አልዋለም፤ ለጠበቃና ለእስረኛ ልጆች እንጀራ ዋለ። ምን ይጠየቅ የሚለውንም ሰጪው አልወሰነም፤ የወሰኑት የታሰሩት ናቸው።

ስለ ሰላምም ቢሆን ከኮልፌ ሳንርቅ የምንናገረው አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግፍ ብዙ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ መጡና በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከተጐዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። የከተማው ሰው ዳቦና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ጐረፈ፤ ያን ጊዜ እኛም ተማሪዎች ሳለን አንድ ጆንያ ልብስ ይዘን ከሄዱት ጋር ነበርን። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቱ ተመለሰ።

ያን ቀን ለነዚያ አባቶች የውሎ አበል የከፈለ የለም። እኛ ግን በጋዜጠኝነታችን ስለ ሰላም በሆቴል በተደረጉ ስብሰባዎች ላይ ተገኝተናል፤ ከግድግዳው ላይ ባነር፥ ከጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፥ በማታ አበል አለ። ከነዚያ አዳራሾች ውስጥ በአንዱም ሣር የያዘ ሰው አላየንም። ይህ ግን ቀልድ ሆኖ እንዳይቀር ሌላውንም ወገን እንናገር። ሽማግሌ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ አይንበረከክም። ጉዞ አለው፥ ምግብ አለው፥ ከፍርድ ቤትና ከፖሊስ ጋር የሚያገናኘው ሰው ያሻዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰበብ የታሰሩት የተቃዋሚ መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የተፈቱት እነ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ረዥም ጊዜ ተመላልሰው ነው፤ መመላለስም ገንዘብ ይጠይቃል። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ሲቆምም አስታራቂውንና አዳራሹን ያዘጋጀልን ሌላ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ስለ ነፃ ጋዜጠኝነት በዚህ ገጽ ላይ መጻፍ ጥቂት ያሳፍራል፤ የዚህን ገጽ ወረቀትና ቀለም፥ የኛንም ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነውና። ከፋዩ ማዘዝ ይወዳል ካልን ለሌላው ብቻ ማለት አይገባም። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቍጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀርቶ የግል ጋዜጣ እንደ እንጕዳይ ፈላ። ብዙዎቹ ሞተዋል። ከፊሉን እስራትና ክስ ገደለው፤ ይህ በሰፊው የታወቀ ነው። ከፊሉን ግን የማተሚያ ቤት ዋጋ ገደለው፤ ይህንም ብዙ ሰው ያውቃል። አንባቢ የገደለው መኖሩን ግን የሚናገር የለም።

በአራት ኪሎና በመርካቶ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጋዜጣ በአንድ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ሰው በሳንቲም ይከራያል፤ እሱ አንብቦ ሲመልስ ለሚቀጥለው ይሰጣል። እኛ የደረስንባቸው የመጨረሻዎቹን ነው። ሃያ ሰው ሲያነብ አሳታሚው የአንድ ቅጂ ዋጋ ያገኛል። አከራዩ እንጀራውን ጋግሯል፤ አንባቢው ድኻ ነውና አንወቅሰውም። ነገር ግን ያ አንባቢ አንድ ቀን ጋዜጣው ጠፍቶ ሲያገኘው፥ «ምን ነካቸው?» ብሎ ጠይቆ ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ለጋዜጠኞች የሚከራከረው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በኢትዮጵያ እስር ቤት አንድም ጋዜጠኛ እንደሌለ ሲያስታውቅ፥ በሚቀጥለው ሚያዝያም የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ ሲከበር ደስ ብሎን ነበር። ብዙ አልቆየም፤ ጦርነቱ ሲነሣ እስራቱ ተመለሰ። የታሰሩትን ስም የሚቈጥረው፥ ለቤተሰባቸውም የሚረዳው ገንዘብ ዛሬም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው።

ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ እንመለስ፤ ክርክሩን አቋርጠን ነበርና።

ዳኛው ሁሉም እስኪናገር ጠብቀው ወደ ኛ ዞሩ። «ልጆች፥ ሕጉ ምን ይላል?» አሉን። የምናውቀውን ነገርናቸው፤ የቃል ውልም ውል መሆኑን፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መክፈል ለማይችል ሰው በነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ፥ ስለዚህ ለጠበቃው ምናልባት ብዙ ገንዘብ እንደማያስፈልግ ተናገርን። በዚህ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። ገንዘብ ያዡማ በግልጽ ፈገግ አሉ። እኛም ጥሩ የሠራን መስሎን ነበር።

ከዚያ ግን ባለ ክራንቹ፥ «ጠበቃ ባገኝ ምስክር ማን ይሆነኛል? ያን ቀን መኪናው ላይ ስድስት ነበርን» አለ።

ዝም ተባለ። ስድስቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንደ ነበሩ ከዓይናቸው አወቅን፤ ሁሉም ወደ ወለሉ ያዩ ነበር። በነጋታው ሰኞ ነው፤ ሰኞም አይሱዙ ይመጣል።

ዳኛው ነገሩን ከሁለት ከፈሉት። ስለ ገንዘቡ ሣጥኑ እንዳይነካ፥ ነገር ግን የወደደ ሰው ከኪሱ ሃምሳ ሃምሳ ብር እንዲያዋጣ አዘዙ፤ ይህ በእጅ ማውጣት ጸደቀ፤ አብዛኛውም እዚያው ከፈለ። ሣጥኑ የሬሳ ነው ያሉት ጋሼ መቶ ብር ሰጡ። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ በየትኛው አርእስት እንደሚያገባው ተቸገረ፤ አርእስቶቹ «ሐዘን»፥ «ቅጣት»፥ «ዕቃ ኪራይ» የሚሉ ብቻ ናቸው። ለጊዜው ከ«ዕቃ ኪራይ» በታች ጻፈው።

ስለ ምስክሩ ዳኛው ማንንም አላስገደዱም። «የወደደ ስሙን ያስመዝግብ» ብለው ዝም አሉ። ቆሎው ዞረ። ሰዎች እየተነሡ መውጣት ጀመሩ። ከስድስቱ አንዱ፥ በዕድሜ ትንሹ ሳይሆን አይቀርም፥ በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጐንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ጸሐፊው «1ኛ» ብሎ ስሙን ጻፈ። ከበታቹም «2ኛ» ብሎ ቍጥሩን አስገባና፥ እስኪርቢቶውን ይዞ በሩን እያየ ጥቂት ቆየ። በመጨረሻ መዝገቡን ሳይዘጋ ለዳኛው ሰጣቸው፤ እሳቸውም ከብብታቸው ሥር አድርገው ከኛ ጋር ወጡ። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ እንድንመጣ አዝዘውናል።